ግራኝ የሠራው ቤት

አባቴ ጎንደር ውስጥ ከአንድ አሮጌ ግድግዳ ፊት ቆመው «ይህንን የሠራው ግራኝ ነው» ካሉኝ ዓመታት ተቆጥረዋል። ነገሩ ግን አልለቅ ብሎኛል። ሥራ ቦታ ላይ የድንጋይ ጭነት ሲራገፍ፣ ቢሮ ውስጥ የክፍያ ሰነድ ሳገላብጥ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ፈጥኜ መልስ ሰጥቻቸው ነበር፤ ታሪክ ያነበበ ልጅ እንደሚያደርገው በዓመተ ምሕረት አስደግፌ። ይህንን የምጽፈው መልሱ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ጉዞው የአንድ ቀን ነበር። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊዜው መንገዱ እንዲህ ሳይከብድ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ለቁርስ ጎንደር መድረስ የሚቻልበት ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ባሕር ዳር ላይ ስንት አጥር፣ ስንት መሠረት፣ ስንት ደረጃ እንደገነቡ እሳቸውም አይቆጥሩትም። ሰባ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው የፋሲል ግንብን በቀን መቁጠሪያ ላይ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም ነበር። «ፋሲል ግንብን ያላየ ግንበኛ እንዴት ግንበኛ ይባላል?» እያልኩ ስነዘንዛቸው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብለው አፌን ይዘጉኛል። በመጨረሻ እሺ ያሉት መኪና ተውሼ ነዳጅ መሙላቴን ሲያዩ ነው። ነዳጁ አሳዘናቸው።

ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራዝን፣ ማክሰኚትን አለፍን። እኔ ስለ ነገሥታቱ አወራለሁ፤ እሳቸው በመስኮት የመንገድ ዳር አጥሮችን እያዩ ይፈርዳሉ። «ይህ ክረምቱን አይሻገርም።» «ይህ ደህና ነው፣ ማዕዘኑን ግን አበላሽቶታል።» አዘዞ እስክንደርስ ድረስ ለአንድም ንጉሥ ጥያቄ አላነሱም።

ወደ ታች የሚያይ ጎብኚ

ወደ ግቢው የገባ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል። አራቱ የማዕዘን ማማዎች እንቁላል የመሰለ ጉልላታቸውን ደፍተው ቆመዋል፣ ሰማዩ የጥር ሰማይ ነው፣ ማን ወደ ታች ያያል? አባቴ ያያሉ። የዐፄ ፋሲል ግንብ ሥር ደርሰው ቁጢጥ አሉና ግድግዳው ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ በመዳፋቸው ዳበሱት። አስጎብኚያችን ስለ 1628 ዓ.ም.፣ ስለ ከተማዋ መቆርቆር፣ ስለ ዙፋኑ አዳራሽ ሲያብራራ ቆይቶ «ጥያቄ አለዎት አባቴ?» አላቸው። «የጣሪያው ውሃ በየት በኩል ነው የሚወርደው?» አሉ። ልጁ ደነገጠ። ይህንን የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

ይኸው አስጎብኚ ማንም ሳይጠይቀው ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፦ ግንቡን ፖርቱጋሎች አልሠሩትም። ሦስት ጊዜ አለው፣ ሦስቴም አንገቴን ነቀነቅኩለት። ቁጭቱ ይገባኛል። አውሮፓውያን ግንቡን ባዩ ቁጥር የአገሬው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊሠራ አይችልም ብለው ለፖርቱጋሎች ሲሰጡት ኖረዋል። ዐፄ ፋሲል ግን ኢየሱሳውያኑን ከአገር ካባረሩ በኋላ ነው ጎንደርን የቆረቆሩት። እ.ኤ.አ. በ1648 ቤተ መንግሥቱን ያየው የየመኑ ልዑክ አል ሐይሚ በበኩሉ ዋናው ግንበኛ ህንዳዊ እንደነበረ ጽፏል። ይህንን አስጎብኚው አላነሳውም። እኔም አላነሳሁበትም፤ የእኛ ነው በሚለው ላይ ተስማምተን ስለነበር ሦስተኛ ሰው ማስገባት አልፈለግንም።

የዐፄ ኢያሱ ግንብ ዘንድ ስንደርስ አስጎብኚው የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሊያን ጊዜ የጣሉትን የቦምብ ጉዳት አሳየን። ጣሊያኖቹ ግቢውን መቀመጫቸው አድርገውት ነበር። ግንቦቹን በሲሚንቶና በአርማታ ጠግነው እንደነበርና ኋላ ግን አብዛኛው ተነቅሎ በኖራ እንደተተካም ነገረን። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። «ደግ አደረጉ። ኖራ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ አፍኖ ይገድላል» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ጣሊያን ይህንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቸኩሎ ነው» አሉኝ። ጠላትን በችኮላ ብቻ መክሰሳቸው ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

ማኪያቶ

ፒያሳ ወጥተን ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ጎንደርን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ነው፦ ከላይ ፖስታ ቤቱ፣ ወረድ ሲሉ ሲኒማው፣ በግራና በቀኝ ፎቅና ሱቅ። ከተማዋ ሁለት ጊዜ ነው የተሠራችው። አንዴ በነገሥታቱ፣ አንዴ ደግሞ የፋሽስት ኢጣሊያ የአማራ ግዛት ዋና ከተማ በተባለችበት ጊዜ። በእ.ኤ.አ. 1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የመጀመሪያው ነው። የምንኖርበት፣ የምንገበያይበት፣ ማኪያቶ የምንጠጣበት ግን በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የተዘጋጀ ንግግር አለኝ። «አምስት ዓመት ብቻ ቆዩ፤ ቅኝ አልተገዛንም፤ የሠሩት ለእኛ ብለው አይደለም» የሚል። ለእንግዳ ሁሉ እለዋለሁ፤ ለአባቴም ጀመርኩት። ጎንደር ላይ ግን ንግግሩ ትንሽ ይሰነጠቃል። የጣሊያን ጦር እዚህ የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጀኔራል ናሲ እጅ የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ሰባት ወር ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር። ለጎንደሬ አምስት ዓመት ከስምንት ወር ማለት ነው። ከመጨረሻው ጦርነት በፊት ደግሞ ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት የከተማዋን ፕላን ነድፎ ነበር። የነጩ ሰፈር ለብቻ፣ የአገሬው ሰፈር ለብቻ። ፕላኑ ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል ይላሉ የሙያው ሰዎች። እኔም የሙያው ሰው ነኝ፣ ያምራል። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር ትዳር መሰል ኑሮ ቢኖር እንዲታሰር የሚያዝ ሕግ ወጥቷል። በወረቀት ላይ የሚያምረው መስመር የዚያ ሕግ ታናሽ ወንድም ነው።

ይህንን ሁሉ ስደረድር አባቴ ማኪያቷቸውን በማንኪያ እያማሰሉ ያዳምጡኝ ነበር። ወይም የሚያዳምጡኝ መስሎኝ ነበር። ስጨርስ እንዲህ አሉ፦ «ማኪያቶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» ወተት የነካው ቡና አልኳቸው። «የቆሸሸ ማለት ነው። ነጠብጣብ ያረፈበት። ካፖው፣ የሥራ አለቃችን፣ ሊሾ ላይ አንዲት ጠብታ ካየ ‹ማኪያቶ! ማኪያቶ!› እያለ ይጮህብን ነበር። ቡና መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።»

ካፖው ጣሊያናዊ ነበር። አባቴ በሃያ ዓመታቸው ሙያ የጀመሩት ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲሠራ ነው፤ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ። የአባታቸውን ቤት ጎጃም ውስጥ ጣሊያን አቃጥሎታል፤ ያን ጊዜ እሳቸው በአያቴ ጀርባ ላይ የታዘሉ ሕፃን ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ የዚያው አገር ሰው ቱንቢ አያያዝ አስተማራቸው። ይህንን ታሪክ ስሰማ የኖርኩት ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው። የቃጠሎውን ከአያቴ፣ የቱንቢውን ከአባቴ። አያቴ ጣሊያን የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትል ነበር። አባቴ ስለ ካፖው ሲጠየቁ «ሙያ ያውቃል» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ በጎም ክፉም አይጨምሩም። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም።

ግድግዳው

ከፒያሳ ወረድ ብለን ወደ መኪናው ስንሄድ ነው የሆነው። ከመንገዱ ገባ ያለ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ የጣሊያን ዘመን መኖሪያ ቤት አለ። የላይኛው ግድግዳ ተለስኖ ቀለሙ ተልጧል፤ ከወገብ በታች ያለው ግን ጥርብ ድንጋይ ነው። በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ምስር ትለቅማለች። አባቴ ቆሙ። እኔ ለመጸዳጃ ፈልገው መስሎኝ ነበር።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ግድግዳውን ልየው ብዬ ነው» አሏት።

«ይዩት አባባ፣ ግድግዳስ ደህና ነው። ጣሪያው ነው የፈጀን፤ ክረምት በገባ ቁጥር ባልዲ ስንደረድር ነው የምናድረው» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

አባቴ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ፋሲል ግንብ መነጽር አላወጡም ነበር። ጣታቸውን ድንጋዩ ላይ በዝግታ አንሸራተቱ፤ ወደ ሁለተኛው ድንጋይ፣ ወደ ሦስተኛው አለፉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ያንን ቃል ተናገሩ፦ «ይህንን የሠራው ግራኝ ነው።»

በእኛ አገር የፈረሰ ነገር ሁሉ የሚለጠፈው ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ላይ ነው። ዋሻ ተደፍኖ ቢገኝ ግራኝ ነው፣ ድንጋይ ተሰብሮ ቢገኝ ግራኝ ነው። አባቴ አረጁ ብዬ አዘንኩ። በለሰለሰ ድምፅ፣ ሴትየዋ እንዳትሰማ ጠጋ ብዬ አስረዳኋቸው፦ «አባባ፣ ግራኝ እኮ የሞተው በ1535 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ይህ ደግሞ የጣሊያን ቤት ነው።»

አባቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። በልጅነቴ ሲሚንቶና አሸዋውን በተሳሳተ ልክ ስደባልቅ የሚያዩኝ አስተያየት ነው። «እጁን ነው የምልህ» አሉ። «ሰውየው ግራኝ ነው።»

የመኪና ቁልፌን ከእጄ ወስደው እንደ መሮ ድንጋዩ ላይ ደገኑት። «ቀኝ እጁ መዶሻ የያዘ ሰው ሲጠርብ መስመሩ ወዲህ ያዘነብላል። ይኸው፣ ያኛውን እይ። ይኼኛው ግን ወዲያ ነው የዘነበለው።» ጎንበስ ብዬ አየሁ። በእውነት ነበር። የመሮው ጭረቶች ልክ ዝናብ በነፋስ እንደሚገፋ ናቸው፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ወደ ቀኝ፣ ጎረቤቱ ላይ ወደ ግራ። አንዴ ካዩት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አይቻልም። ግድግዳው ላይ ሦስት ሰው እንዳለ ነገሩኝ። አንደኛው ቀኝ እጁን የሚጠቀም፣ ቁጡ፤ ምቱ ጠልቋል። ሁለተኛው ግራኙ፣ ረጋ ያለ፤ ጭረቶቹ ተለክተው የተሰመሩ ይመስላሉ። ሦስተኛው ከታች ሦስት ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። «ልጅ ነው። ያስተምሩት ነበር። ይህችን አበላሽቷት ወደ ጥግ ደብቀውለታል።»

ልቤ ይመታ ጀመር። የምፈልገውን መጠየቅ ነበረብኝ። «ግራኙ ጣሊያን ነው ወይስ የእኛ ሰው?»

«እሱን ድንጋዩ ምን ያውቃል?»

«ግን እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ግራኝ ነው አልኩህ እኮ!» ብለው ቁልፌን መለሱልኝ።

የማን ነው?

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ አባቴ ማክሰኚት ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ግን ያቺን ጥያቄዬን እየፈታሁ እየገጣጠምኩ ነዳሁ። ለምን ነበር ያን ያህል የፈለግኋት? የእኛ ሰው ነው ቢሉኝ ምን ላደርግ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ የተዘጋጀው ንግግሬ ላይ አንድ መስመር ልጨምር ነበር። «ፕላኑ የእነሱ፣ ላቡ የእኛ» የምትል፣ ለእንግዳ የምትጥም መስመር። ጣሊያን ነው ቢሉኝ ደግሞ ግድግዳውን ረስቼው ነበር።

ጠዋት አስጎብኚው ፖርቱጋሎች አልሠሩትም ሲል ሦስት ጊዜ ራሴን የነቀነቅኩ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ተመሳሳዩን ጥያቄ በግልባጩ ይዤ ነበር። ያምርብናል ለምንለው ግንብ ሌላ ሰው አጠገቡ እንዳይደርስ እንከራከራለን፣ ህንዳዊውን ግንበኛ እንኳ እንደብቀዋለን። ለሚያሳፍረን ዘመን ቤት ደግሞ የእኛ እጅ የለበትም ብለን እንገላገላለን፤ ክረምት ሲመጣ ግን ባልዲ የምትደረድረው የእኛው ሴት ናት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ ጋ ቁጢጥ ብለው ያዩት አባቴ ብቻ ነበሩ፤ እኔ ቆሜ ስናገር ነበር።

እንዲህ ስል ግን ራሴን እጠራጠራለሁ። ግንበኛው ግንበኛ ነው፣ ድንጋይ አገር የለውም ብሎ ነገሩን ማለስለስም ሌላ ማምለጫ ነው። ግራኙ ከቤቱ ተጎትቶ የመጣ የወገራ ገበሬ ከሆነስ? ያ ድንጋዩን ያበላሸው ልጅ ዕለቱን ምን በላ? ተከፍሎት ነው ወይስ ተገርፎ? ወይስ ግራኙ ከደቡብ ጣሊያን፣ ከካላብሪያ፣ ሥራ አጥቶ በመርከብ የመጣ ደሃ ነው፣ ደሞዙ ከአገሬው የሚበልጥ፣ ሰፈሩም የተለየ? ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የተቃጠለው ቤት የእኛ ነው። አባቴ መልስ አለመስጠታቸው ጥያቄው ዋጋ ስለሌለው አይመስለኝም። እሳቸው የሚያውቁትን ያህል ተናግረው አቆሙ፤ ይህንን ችሎታ እኔ አልወረስኩም።

ሌላም ነገር አለ፣ ለመጻፍ የሚከብደኝ። አባቴ ራሳቸው ግራኝ ናቸው። የሚበሉት በቀኛቸው፣ የሚፈርሙት በቀኛቸው ነው፤ እንደ ዘመናቸው ልጅ ሁሉ ተገርፈው ተገርተዋል። መዶሻ ግን በግራ። በእረፍት ቀኔ ሥራ ቦታ ይዘውኝ ሲሄዱ መሣሪያ አቀባይ እኔ ነበርኩ። መዶሻውን በስተግራቸው፣ መሮውን በስተቀኛቸው አቀብላቸው ነበር። እጄ ያውቀው ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ጎንደር ሄጄ፣ የመኪና ቁልፍ እንደ መሮ ሲይዙ እስካይ ድረስ፣ በአርባ አምስት ዓመቴ፣ አባቴ ግራኝ መሆናቸውን አንድም ቀን በቃል አስቤው አላውቅም።

ባለፈው ወር የወላጆቼ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ደረጃውን አየሁት። አባቴ የሠሩት ነው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት። አምስት እርከን አለው። ጎንበስ ብዬ ጭረቶቹን ተከተልኩ፤ ሁሉም ወዲያ ያዘነብላሉ፣ ጎንደር እንዳለው ግራኝ። ሦስተኛው እርከን ላይ ያለው ሰፊው ድንጋይ ግን ወዲህ ነው። ከውስጥ ጠራኋቸው፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ።

«አባባ፣ ይህንን እርስዎ አልጠረቡትም።»

አዩት። ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ቶሎ አልመለሱም። «አልጠረብኩትም። ከፈረሰ ቤት የመጣ ነው፣ ገዝቼው ነው።»

«የማን ቤት ነበር?»

«ምን አውቃለሁ?» አሉ፣ በምርኩዛቸው ድንጋዩን መታ መታ እያደረጉ። «እኔ የገዛሁት ድንጋዩን ነው።»